«ዕዳው በእኔ ላይ ነው» የሚል ማን ነው?

 

ለአንድ አፍታ አብረን ወደ አንድ ቤት እንግባ። ቤቱ በምናባችን የሳልነው ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካን አገር በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታም ሆነ በሌላ ግዛት የሚኖር ወገናችን ሲያነበው «ይህማ የእኛው ቤት ነው» ማለቱ አይቀርም። ወሩ ሚያዝያ ነው። አባት ታክሲ ሲነዳ ውሎ፣ መግሪብን መንገድ ላይ ሰግዶ ገብቷል። እናት ከሥራ እንደተመለሰች እራት እያቀረበች ነው። ታላቂቱ ልጅ ሁለት ወረቀት ይዛለች። አንደኛው ዩኒቨርሲቲው እንደተቀበላት የሚያበሥር ነው። ሁለተኛው የክፍያው ዝርዝር ነው፤ ከግርጌው ቀሪውን ገንዘብ በብድር መሸፈን እንደምትችል ተጽፎበታል። ብድሩ ወለድ አለው።

አባት የመጀመሪያውን ወረቀት ሲሰማ «አልሐምዱሊላህ! ማሻአላህ ልጄ!» አለ። ሁለተኛውን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ወለድማ አይሆንም። በእኔ ቤት የሪባ ወረቀት አይፈረምም» አለ።

ልጅቱ አልተቆጣችም። ዲኗን ያስተማራት እርሱ ነው፤ ሪባ ሐራም መሆኑንም ከእርሱ ነው የሰማችው። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እሺ አባዬ፤ ታዲያ በምን ልማር?» ስትል ጠየቀችው።

አባት መልስ አልነበረውም። እናትም አልነበራትም። እራቱ ቀዘቀዘ።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያች አጭር ጥያቄ ነው። ጥያቄዋ የአንዲት ልጅ ብቻ አይደለችም። በዚያች አገር ፖለቲከኞች የሚሟገቱባት፣ ፍርድ ቤቶች የሚከራከሩባት፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊት የሚያስቡባት ጉዳይ ናት። ለሙስሊሙ ቤተሰብ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ የአኼራ ጉዳይ አለባት። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

አሜሪካን አገር ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1847 «ፍሪ አካዳሚ» በሚል ስም ተቋቁሞ ኋላ ሲቲ ኮሌጅ የተባለው ትምህርት ቤት የድሆችንና የስደተኞችን ልጆች ያለ ክፍያ እያስተማረ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። የከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ ማስከፈል የጀመረው ከተማዋ ለክስረት በተቃረበችበት ጊዜ፣ በ1976 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የፈረሙት ሕግ ለየክፍለ ግዛቱ የመንግሥት መሬት ሰጥቶ በሽያጩ ገንዘብ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አድርጓል። በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ የቀድሞ ወታደሮችን በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ አስገብቷል።

ታዲያ ብድር መቼ መጣ? ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ወደ ሕዋ ስታመጥቅ አሜሪካኖች «በዕውቀት ተቀደምን» ብለው ደነገጡ። በማግሥቱ ዓመት በ1958 የወጣው ሕግ ለተማሪዎች የፌዴራል መንግሥት ብድር ጀመረ። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ብድሩን አሰፋው። በ1972 ደግሞ ለድሀ ተማሪ የሚሰጥ፣ የማይመለስ ድጎማ ተጨመረ። ይህ ድጎማ ኋላ በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም ፔል ግራንት ተባለ።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ድጎማው ዋናውን ወጪ ይሸፍናል፣ ብድሩ ጎዶሎውን ይሞላል ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የትምህርቱ ዋጋ ወደ ላይ ሲወጣ ድጎማው አልተከተለውም። ከ50 ዓመት በፊት ከፍተኛው ፔል ግራንት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ከሚያስፈልገው ወጪ ሦስት አራተኛውን ያህል ይችል ነበር። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው ድጎማ 7,395 ዶላር ሲሆን፣ የትምህርቱ፣ የመኝታውና የምግቡ ወጪ ሲደመር ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ክፍለ ግዛቶችም በየኢኮኖሚው ችግር፣ በተለይም ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ፣ ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው የሚሰጡትን በጀት ቀነሱ። ጎዶሎው ወደ ቤተሰቡ ተሸጋገረ። ቤተሰቡ ያልቻለውን ብድር ተሸከመው።

እነሆ ዛሬ ከ40 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ዕዳ አለባቸው። ድምሩም ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር ይበልጣል።

ብድሩ እንዴት ይሠራል?

ብዙ ወላጆች «ብድር» ሲባል ይሰማሉ እንጂ አሠራሩን ቁጭ ብለው አያሰሉትም። እኛ በጥቂቱ እናስላው።

በወላጆቹ ሥር ያለ የዲግሪ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በአራት ዓመት ውስጥ መበደር የሚችለው 27,000 ዶላር ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት 7,500፣ 7,500። በ2025–26 የትምህርት ዘመን የዲግሪ ተማሪ ብድር ወለድ 6.39 ከመቶ ነው። ልጅቱ 27,000 ዶላሩን በዚህ ወለድ በአሥር ዓመት ብትከፍል በየወሩ 305 ዶላር ያህል ትከፍላለች፤ ድምሩም ወደ 36,600 ዶላር ይደርሳል። ወደ 9,600 ዶላር የሚጠጋው ወለድ ነው ማለት ነው። በትምህርት ላይ ሳለች የሚቆጠረውን ወለድ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አላስገባንም።

27,000 ዶላሩ ካልበቃስ? ያን ጊዜ አባትና እናት በራሳቸው ስም ይበደራሉ፤ ወይም ልጅቱ ከግል ባንክ ስትበደር አባት ዋስ ሆኖ ይፈርማል። የወላጆች ብድር ወለዱ ከፍ ያለ ነው፤ በዚያው ዓመት 8.94 ከመቶ ነበር። የትምህርት ዕዳ በተራው የክስረት ሕግም በቀላሉ አይሰረዝም። ነጋዴ ቢከስር ዕዳው በፍርድ ቤት ሊነሣለት ይችላል። ተማሪ ግን ከ1976 ጀምሮ በወጡ ሕጎች ይህ መንገድ እየጠበበ መጥቶ፣ ከ1998 ወዲህ ልዩ የሆነ ችግር ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። ገቢው ያነሰ ተበዳሪ በገቢው ልክ ጥቂት እየከፈለ ሊቆይ ይችላል። የሚከፍለው ከወለዱ ካነሰ ግን፣ ለብዙ ዓመታት በሠሩት ዕቅዶች፣ ዕዳው እየከፈለውም ያድግ ነበር። አሥር ዓመት ከፍሎ ከተበደረው በላይ የቀረበት ሰው በዚያች አገር ብርቅ አይደለም። ይህን ስናይ ሪባ ለምን እንደተከለከለ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይናችንም እንረዳለን።

«በነጻ ይሁን» እና «አይሁን»

በዚህ ሁሉ የተነሣ በአሜሪካ ትልቅ ክርክር ተቀስቅሷል። ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በ2016ቱ የምርጫ ዘመቻቸው የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ክፍያ ይሁኑ ሲሉ ብዙ ወጣት ተከተላቸው። የቴነሲ ክፍለ ግዛት ከ2015 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃን ለጨረሱ ልጆች የሁለት ዓመት ኮሌጅ ያለ ክፍያ አድርጓል። ኒውዮርክም በ2017 ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን ላልበለጠ ቤተሰቦች ልጆች ተመሳሳይ ዕቅድ ለአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ጀምሯል። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በነሐሴ 2022 ለአንድ ተበዳሪ እስከ 10,000 ዶላር፣ ፔል ግራንት ላገኘ ደግሞ እስከ 20,000 ዶላር ዕዳ እንደሚሰርዙ አስታወቁ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በጁን 30 ቀን 2023 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ዕቅዱን ሻረው። በኮቪድ ጊዜ በ2020 ቆሞ የነበረው ወለድና ክፍያም በ2023 መልሶ ተጀመረ። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወላጆች ለአንድ ልጅ የሚበደሩት ከ65,000 ዶላር እንዳይበልጥ ወስኗል።

በነጻ ይሁን የሚሉት እንዲህ ይላሉ፦ ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ መሐንዲሱ የሚያገለግለው ኅብረተሰቡን ነው፤ ስለዚህ ኅብረተሰቡ ወጪውን ቢጋራ ፍትሕ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ በነጻ ከሆነ ኮሌጅ ለምን ይለያል? ጀርመን በ2014 የመጨረሻዋ ክፍለ ግዛት ክፍያ ስታነሣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ያለ ክፍያ ማስተማር ጀመረች፤ አልወደቀችም።

አይሁን የሚሉትም ቀላል ነገር አይናገሩም። «ነጻ» የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ሰው ይከፍላል ይላሉ። ኮሌጅ ያልገባው የጭነት መኪና ነጂ ግብር እየከፈለ ነገ ከእርሱ እጥፍ የሚያገኘውን ጠበቃ ማስተማር አለበትን? የሀብታሙ ልጅስ ለምን በነጻ ይማራል? የትምህርት ክፍያ ቢነሣም የቤት ኪራዩ፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ ይቀራል። መንግሥት ከፋይ ሲሆን ደግሞ በጀቱ ሲጠብ ወንበሩ ይጠብና ድሀው ውጪ ይቀራል።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን። በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ለረጅም ዘመን ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን መኝታውና ምግቡም በመንግሥት ወጪ ነበር። የሚገባው ግን ስንት ነበር? በሩ ጠባብ ስለነበር ከብዙ ሺህ ተፈታኞች ጥቂቶች ብቻ ነበሩ የሚያልፉት። ዩኒቨርሲቲዎች ሲበዙ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት፣ ሁላችንም «ኮስት ሼሪንግ» የምንለው፣ ተጀመረ። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶውን ይጋራል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየከፈለ ይመልሳል።

እንግዲህ ከሁለቱም ወገን ሙግት የምንማረው አንድ ነገር አለ። ለዕውቀት ሁልጊዜ አንድ ሰው ይከፍላል። ክርክሩ ያለው «ማን ይክፈል? ሸክሙስ በአንድ ትከሻ ላይ ይሁን ወይስ በብዙ?» በሚለው ላይ ነው።

በሙስሊሙ ቤት

ወደ ቤታችን ጥያቄ እንመለስ። አባት «ወለድ አይፈረምም» ሲል የተናገረው ከራሱ አይደለም። ቁርኣን በበቀራ ምዕራፍ ንግድን ፈቅዶ ሪባን ከልክሏል፤ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪቀለው እንዲጠበቅ አዟል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽም በዚያው ምዕራፍ ስለ ዕዳ አጻጻፍና ስለ ምስክር የወረደው ነው። ይህ ሁሉ እስልምና ለዕዳ የሰጠውን ክብደት ያሳያል።

በሌላ በኩል ልጅቱም ተሳስታ አይደለም። ዕውቀት መፈለግ ግዴታ መሆኑን፣ ኅብረተሰቡ ሐኪም፣ መምህርና የሕግ ባለሙያ ከሌለው ሁሉም ተጠያቂ የሚሆንበት ፈርድ ኪፋያ መሆኑንም በመስጊድ የሰማችው ናት።

በዚህ ጉዳይ ዑለማዎች ይለያያሉ። ከፊሎቹ በወለድ ተበድሮ መማር አይፈቀድም፤ ሌላ ዓይነት ኮሌጅ፣ ሥራና ቁጠባ እያለ ነገሩ ዶሩራ አይሆንም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ መንገዱ ሁሉ በእርግጥ ተዘግቶ፣ የሚማረውም ለኅብረተሰቡ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ከባድ መስፈርት አስቀምጠው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ይፈቅዳሉ። ተማሪው እየተማረ ሳለ መንግሥት ወለዱን የሚከፍልለት፣ ከምረቃ በኋላ ባለው የስድስት ወር ፋታ ውስጥ ከተመለሰ ወለድ የማይከፈልበት የድጎማ ብድርም አለ፤ በዚህም ላይ ቢሆን ውሉ የወለድ ቃል ስላለበት ንግግራቸው አንድ አይደለም። ይህ መጽሔት ፈትዋ አይሰጥም። ወረቀቱን ይዛችሁ፣ ውሉን አንብባችሁ፣ የቤታችሁን ሁኔታ ሳትደብቁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ እንላለን።

ይህ ችግር የአሜሪካ ሙስሊሞች ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ዓመታዊ ክፍያው በ2012 ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ ሲልና ብድሩም ወለድ ሲጨመርበት ብዙ ሙስሊም ወጣቶች ከትምህርት ቀሩ፣ ወይም ልባቸው እየደማ ፈረሙ። መንግሥቱ በ2014 ከሸሪዓ ጋር የሚስማማ ብድር ስለማዘጋጀት ሕዝቡን ሲጠይቅ 20,000 ያህል ሰዎች መልስ ሰጡ። በ2017 የወጣው ሕግም ለዚህ ሥልጣን ሰጠ። ዓመታት አለፉ፤ ሕጉ ወጥቶ ብድሩ ግን ሳይደርሳቸው ብዙ ወጣቶች ከትምህርት ዕድሜ አለፉ። ከዚህ የምንረዳው መንግሥትን መጠየቅ ተገቢ ቢሆንም፣ መንግሥትን ብቻ ጠብቆ መቀመጥ የልጆችን ዕድሜ እንደሚበላ ነው።

ቀደምቶቻችን እንዴት አስተማሩ?

ከበድር ዘመቻ በኋላ ከተማረኩት መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያጡ፣ ማንበብና መጻፍ ግን የሚችሉ፣ የአንሷር ልጆችን አስተምረው እንዲለቀቁ መደረጉ በታሪክ ተዘግቧል። ዕውቀት ከገንዘብ ይልቅ ተመረጠ ማለት ነው። በፌዝ ከተማ በ859 ቀረዊዪንን ያሠራችው ፋጢማ አል-ፊህሪ ከአባቷ የወረሰችውን ሀብት ለዚያ እንዳዋለች ይነገራል። በባግዳድ የነበሩት ኒዛሚያና ሙስተንሲሪያ መድረሳዎች በወቅፍ የቆሙ ነበሩ፤ ከወቅፉ ገቢ መምህሩ ደመወዝ፣ ደረሳውም ቀለብ ያገኝ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ የወሎን ደርሶች እናስታውስ። በዳና፣ በገታ፣ በጀማ ንጉሥ የቂርኣት ማዕከሎች ከሩቅ አገር በእግሩ ተጉዞ የመጣ ደረሳ ማን ከፈለለት? የመዝገብ ክፍያ የሚጠይቀው አልነበረም። ሸኹ ያስተምሩታል፤ የአካባቢው ሰው ያበላዋል። ገበሬው ከጎተራው፣ ሴቲቱ ከሞሰቧ ያካፍሉታል። ያ ገበሬ ፊደል ያልቆጠረ ሊሆን ይችላል። ግን የዓሊሙ ዕውቀት የእርሱም እንደሆነ ያውቅ ነበር። ደረሳው ዕዳ ሳይሆን ዱዓ ተሸክሞ ይወጣ ነበር።

ዛሬስ? ዛሬ በትልልቅ ከተሞች መስጊድ ለመሥራት ገንዘብ ሲሰበሰብ በአንድ ሌሊት ብዙ ሺህ ዶላር ይሰበሰባል። አላህ ይቀበለን። በዚያው መስጊድ ውስጥ የሚሰግደው ወጣት ግን የትምህርቱን ነገር ብቻውን ይዞ ይቀመጣል። «ሪባ ሐራም ነው» የሚለውን ኹጥባ ይሰማል፤ ሐራም ያልሆነው በር የት እንዳለ ግን የሚያሳየው የለም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቤተሰብ በጊዜ ይቀመጥ። ንግግሩ ልጅቱ ወረቀት ይዛ በመጣችበት ሌሊት ሳይሆን ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ይጀመር። በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የኮሌጅ ትምህርት መውሰድ የሚቻልባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱ አስቀድሞ ያለፈ ኮርስ የሚቀነስ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ የፋፍሳን ቅጽ ሙሉ። ብዙ ወገኖቻችን «እኛ ብድር አንፈልግም» ብለው ይህን ቅጽ ሳይሞሉ ይቀራሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቅጹ የብድር ብቻ ሳይሆን የማይመለሰው ፔል ግራንትና የብዙ ሌላ ድጎማ በር ነው። ቅጹን የሞላ ሰው ድጎማውን ተቀብሎ ብድሩን «አልፈልግም» ማለት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ስሙ ከሚያምረው ይልቅ የሚቻለውን ምረጡ። በ2024–25 አማካይ የትምህርት ክፍያ በኮሚኒቲ ኮሌጅ 4,050 ዶላር፣ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ 11,610 ዶላር፣ በግል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 43,350 ዶላር ነበር። ሁለት ዓመት በኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ በዚህ ሒሳብ 31,320 ዶላር ይከፍላል፤ አራቱንም ዓመት በዩኒቨርሲቲው ቢማር 46,440 ይሆንበት ነበር። ሙሉ ፔል ግራንት ያገኘ ልጅማ የኮሚኒቲ ኮሌጁ ክፍያ ተሸፍኖለት ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ይተርፈዋል። በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ በጤና፣ በኮምፒዩተርና በመሳሰሉት ሙያዎች ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች ኮሚኒቲ ኮሌጅ ያለ ክፍያ ሆኗል። በኬንተኪ ክፍለ ግዛት ያለው ቤሪያ ኮሌጅም ከ1892 ጀምሮ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው ግን በኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። «ልጄ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባ» ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያሳፍረው ለሰው ዓይን ብሎ ልጅን በዕዳ መንከር ነው።

አራተኛ፣ ሴት ልጅን አንርሳ። ለወንዱ ሲሆን ተፈልጎ የሚገኘው መላ ለሴቷ ሲሆን «ትቆይ» ተብሎ የሚቀርበት ቤት አለ። ሪባን መፍራት አንድ ነገር ነው፤ የሪባን ስም ለሌላ ነገር መሸፈኛ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ ጀመዓው ይነሣ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ በዕዳ የተያዙት መሆናቸውን በተውባ ምዕራፍ እናነባለን። በአሜሪካ «ኤ ኮንቲኒዩስ ቻሪቲ» የተባለ የሙስሊሞች ድርጅት ለተማሪዎች ከወለድ ነጻ ብድር፣ ማለትም ቀርድ ሐሰን ይሰጣል። አንዱ ሲመልስ ገንዘቡ ለሌላው ተማሪ ይሆናል።

እኛ ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለንም። እቁብ የምናውቅ ሕዝብ ነን! እቁብ ያለ ወለድ፣ በመተማመን የሚሠራ ነው። አርባ ቤተሰብ በወር 150 ዶላር ቢያዋጣ በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ዶላር ይሆናል። በላይኛው ሒሳብ ይህ ገንዘብ በዓመት ስድስት ልጆችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም አሥራ ሰባት ልጆችን በኮሚኒቲ ኮሌጅ ያስተምራል። ተመርቀው ሲሠሩ የተበደሩትን ብቻ ይመልሳሉ፤ ታናናሾቻቸው ይማሩበታል። ይሁን እንጂ ይህ በስሜት ብቻ አይሠራም። ሕጋዊ ሆኖ ይመዝገብ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ ይታይ፣ እያንዳንዱ ብድር ቁርኣን እንዳዘዘው ይጻፍ፣ ምስክርም ይኑረው። ተበዳሪው ወጣትም ይህ ገንዘብ የታክሲ ነጂና የጽዳት ሠራተኛ ላብ መሆኑን ይወቅ። መመለሱ አማና ነው።

በአገር ቤት ላለነውስ?

«ይህ የአሜሪካ ነገር እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያ በቨርጂኒያ ያለው ታክሲ ነጂ በየወሩ ከሚያገኘው ቀንሶ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ የሚልከው ለማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ለወንድሙና ለእህቱ ልጆች የግል ኮሌጅ ክፍያ ነው። የሌላውን ልጅ እያስተማረ ለራሱ ልጅ መልስ ያጣ አባት መሆኑን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? እንግዲህ በእርሱ ገንዘብ የተማርን፣ ሥራ የያዝን ወንድሞችና እህቶች ቢያንስ ከእኛ በኋላ ያለውን አንድ ልጅ በየአካባቢያችን እናስተምር። የእርሱ ሸክም ያን ያህል ይቀለዋል።

በሐዲስ የተላለፈ አንድ ታሪክ ብንጠቅስ ጽሑፋችንን በመልካም ይዘጋልናል። የአንድ ሰው ጀናዛ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረበ። ዕዳ እንዳለበት ጠየቁ፤ ጥቂት ዲናር እንዳለበት ተነገራቸው። ሶሓቦቹ እንዲሰግዱበት ነግረው እርሳቸው ሊተዉት ሆነ። ያን ጊዜ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ ወሰደ። ነቢዩም ሰገዱበት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ዕዳ ቀላል ነገር አለመሆኑን እንማራለን፤ ይህን አባት ያውቀዋል። የሰው ዕዳ በወንድሙ ሊነሣ እንደሚችልም እንማራለን፤ ይህን ደግሞ ጀመዓው ሊያውቀው ይገባል። ሁላችንም ሐራሙን ለመናገር ፈጣኖች ነን። እንደ አቡ ቀታዳ ለመነሣትስ?

ወደዚያ የቀዘቀዘ እራት እንመለስ። አባት ዛሬ ሌሊት ሙሉ መልስ ባይኖረውም ለልጁ አንድ ነገር ሊላት ይችላል፦ «ልጄ፤ ወለዱን አንፈርምም። ግን ብቻሽን አትቀሪም። ነገ ወረቀቶቹን ይዘን ከኢማሙ ጋር፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር እንቀመጣለን። አንቺ የእኔ ብቻ ሳትሆኚ የሁላችንም ልጅ ነሽ።» ይህን ሲል ጀመዓው እንዳያሳፍረው እኛ እንዘጋጅ።

አላህ (ሱ.ወ.) ከዕዳ ጭንቀት ይጠብቀን። ለልጆቻችን የሐላሉን በር ይክፈትልን። አንዳችን የአንዳችንን ሸክም የምናነሣ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።